የገበያ ቀን መድኃኒት

ቅዳሜ ነጌሌ በፍየል ጩኸትና በአይሱዙ ጡሩንባ ከማለዳው ጀምሮ ትደነቁራለች። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው ትንሽ ክሊኒክም የምትጨናነቀው በዚሁ ቀን ነው። እናቶች ቅቤያቸውን ከሸጡ በኋላ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ከመግዛታቸው በፊት፣ ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ያበጠ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ሲስተር ዱረቲ ይመጣሉ።

ዱረቲ የነጌሌ ልጅ ናት። ነርስነት ተምራ ተመልሳ አሥር ዓመት ሠርታለች፤ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ደግሞ የሐዋሳዋ ሐኪም ዶክተር ብዙወርቅ በሚመሩት ጥናት ውስጥ ነች። ጥናቱ በልጆች ላይ ስለሚደርስ ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። ሽማግሌዎች ብርድ ሲሆን የሚያማርሩት ዓይነት ቁርጥማት አይደለም። የልጁ ሰውነት የገዛ መገጣጠሚያውን እንደ ጠላት ይወጋል፤ ጉልበት ያብጣል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻ እንደታጠፈ ይቀራል። ወደ ዱረቲ ክሊኒክ ከሚመጡት ልጆች ግማሾቹ ጉልበታቸው ላይ የጋለ ብረት ጠባሳ አለባቸው፤ ወላጅ የሚያደርገው ሲያጣ ተኩሶ ሞክሯል።

ሜቶትሬክሴት የሚባለው ኪኒን ይህን በሽታ እንደሚያበርድ በትልልቅ ከተሞች ከታወቀ ቆይቷል። ዶክተር ብዙወርቅ ማወቅ የፈለጉት ሌላ ነገር ነበር። ስፔሻሊስት በሌለበት፣ ከብት ተከትሎ በሚዘዋወር ሕዝብ መካከል፣ አንዲት ነርስና አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሕክምናውን በደህና ማስኬድ ይችላሉ ወይ? በደህና የሚለው ቃል ላይ ጠበቅ አድርገው ነው የሚናገሩት። መድኃኒቱ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ነውና። በሳምንት አንዴ ሲሆን ጉልበት ይዘረጋል፤ ሲደጋገም መቅኔ ውስጥ ገብቶ ደም የሚሠራበትን ሥፍራ ያደርቃል።

በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ በአንዱ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጉያቱ የምትባል እናት ልጇን ይዛ ገባች።

«አካም ጉያቱ፣ ናጋ?» አለቻት ዱረቲ።

«ናጋ፣ ናጋ! ይኸውልሽ ልጅሽ። ትናንት ጠቦት አባሮ ያዘ። አባቱ ‘ለሲስተር ጥጃ ይገባታል’ ብሏል።»

ጃታኒ፣ የላቦራቶሪው ሠራተኛ፣ መርፌውን እያዘጋጀ ቀና አለ። «ለኔስ? ደሙን የምቀዳው እኔ አይደለሁ?»

«አንተ ደም መጣጭ! ላንተ ጅራቱን እናስቀርልሃለን።»

ሳቁ። ዱረቲ የልጁን ጉልበት ዘርግታ አየች፤ ለካች፤ የወሩን መድኃኒት ለእናቱ ሰጥታ ፎርሙን መጻፍ ጀመረች። ጉያቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የመቀነቷን ጫፍ እያፍተለተለች ወሬዋን ቀጠለች።

«ያቺ የአዴ ሸምሳ የልጅ ልጅ ግን አሳዘነችኝ። ማክሰኞ አሬሮ አገኘኋቸው። የግመል ወተት ብሰጣት መዋጥ አቃታት። አፏ ውስጡ ሁሉ ቆስሏል።»

«ማን? ሃያት?»

«እህ፣ ሃያት። አያትየዋ ግን ጎበዝ ናቸው። እዚያው የዕቃቸው ሸራ ሥር ያንን መድኃኒትሽን በማንኪያ አድቅቀው አጠጧት። እያለቀሰች ዋጠችው።»

የዱረቲ እስኪርብቶ ፎርሙ ላይ ቆመ።

«ማክሰኞ ነው ያልሽኝ?»

«ማክሰኞ ነዋ! የአሬሮ ገበያ መቼ ሆነና!»

ዱረቲ እስኪርብቶውን አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሐዋሳ የተጻፈው መመሪያ «ሁልጊዜ ሰኞ» ይላል። መጀመሪያዎቹ ወራት ዱረቲ እንደተጻፈው ነገረቻቸው። ነገር ግን ከብት ይዞ ሩቅ የወጣ ሰው ሰኞንና ረቡዕን ምን ለያቸው? ሽማግሌዎቹ የሚቆጥሩት ሃያ ሰባቱን የቦረና ቀናት ነው፤ ወጣቶቹ የሚቆጥሩት ዝናብን ነው። ልጆቹ መድኃኒት እየዘለሉ ጉልበታቸው ተመልሶ አበጠ። አንድ ቀን ዱረቲ ገበያ መሀል ቆማ መልሱ ከፊቷ ሲመላለስ አየችው። ሳምንቱን የማይስተው ገበያ ነው! ቅቤ ያላት ሴት ቅዳሜን አትረሳም። ከዚያ ወዲህ የአንድ ጊዜውን አራት ኪኒን በወረቀት እየጠቀለለች፣ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ በእስኪርብቶ ፍየል እየሣለች፣ «በገበያ ቀን አንድ ጥቅል» ማለት ጀመረች። መዝለል ቀረ። በስድስት ወር ውስጥ የነጌሌ ልጆች ከሌሎቹ የጥናቱ ጣቢያዎች ልጆች ሁሉ በልጠው ተገኙ። ዶክተር ብዙወርቅ በስብሰባ ላይ «ነጌሌዎች፣ ምን አድርጋችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። ዱረቲ ፈገግ ብላ ዝም አለች። መመሪያ ያለ ፈቃድ አይቀየርም፤ ታውቃለች። ዓመቱ ሲያልቅ፣ ቁጥሩ ራሱ ሲመሰክርላት፣ ያኔ ትናገራለች።

አዴ ሸምሳ ግን ቅቤ ይዘው በሳምንት አንዴ ብቅ የሚሉ ሴት አይደሉም። ነጋዴ ናቸው። የሽቲ ጨርቅና የፕላስቲክ ጫማ ይዘው ቅዳሜ ነጌሌ ከሆኑ ማክሰኞ አሬሮ፣ ሐሙስ ሜጋ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሞያሌ ናቸው። ገበያ የሌለበት ቀናቸው የመንገድ ቀናቸው ነው። እናቷ ስትወልዳት የሞተችባትን የዘጠኝ ዓመቷን ሃያትን ደግሞ ጥለዋት አይሄዱም። እግሯ እስኪድን ነጌሌ ብቻ ሲነግዱ ቆይተው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት «ሁለት ወር እዚያው ታች ነኝ፣ የሁለት ወሩን ስጪኝ» ሲሏት፣ ዱረቲ ከአንድ ወር በላይ መስጠት ክልክል መሆኑን እያወቀች፣ እምቢ ማለት አፍራ፣ ስምንት ጥቅል ቆጥራ በእጃቸው አስጨበጠች። ስምንት ፍየል።

በጣቷ ቆጠረች። ቅዳሜ እዚህ፤ አንድ። አሬሮ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ፤ አራት። ተመልሰው ማክሰኞ አሬሮ፤ አምስት። ከትናንት በስቲያ ሜጋ፤ ስድስት። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ዛሬ ሞያሌ ናቸው።

«ጃታኒ» አለች። «እስቲ ወደ ውስጥ ና።»

ጃታኒ ከላቦራቶሪው በር ጀርባ ቆሞ ሰማት። እሱም የጥቅሎቹን ፍየል ሲያይ ኖሯል፤ እንዲያውም አንዴ «ፍየልሽ ውሻ መሰለች» ብሎ አሹፎባታል። አሁን አላሾፈም።

«ደውይላቸዋ!»

ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። አዴ ሸምሳ ባትሪ ለመቆጠብ ገበያ ሲውሉ ስልካቸውን ያጠፋሉ። መዝገቡን አገላበጠች። በሃያት ስም ፊት ለፊት ሁለተኛ ተጠሪ ተብሎ የተጻፈው ዓብዱልሀኪም ነው፤ ሞያሌ ላይ ሱቅ ያለው የአዴ ሸምሳ የእህት ልጅ። ለእሱ ደወለች። በሦስተኛው ጥሪ ላይ ተነሣ።

«ዓብዱልሀኪም፣ ዱረቲ ነኝ፣ የነጌሌዋ ነርስ። አክስትህ የት ናቸው?»

«ገበያ ናቸዋ። ምነው?»

«አሁኑኑ ሂድልኝ። ለሃያት መድኃኒቱን እንዳይሰጧት። እንዳይሰጧት! ደርሰህ መልሰህ ደውልልኝ።»

«ሱቁ ላይ ሰው አለብኝ እኮ፣ እህቴ…»

«ዝጋው!»

ዘጋችና ስልኩን አፍጥጣ ታየው ጀመር። ጃታኒ ጥግ ላይ ወዳለው ቁምሳጥን ተጠጋ። ውስጡ በቀይ ማኅተም የታሸገች የብረት ሳጥን አለች። ፎሊኒክ አሲድ የሚባለው ማርከሻ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ማንም ነክቷት አያውቅም።

«ይህን ክፈቺና እንሂድ።»

«መጀመሪያ ያለችበትን እንወቅ። ምናልባት ካቆሙላት በራሱ…»

«አፏ ቆስሏል፣ ዱረቲ። ማክሰኞ ነው የቆሰለው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰጥተዋታል።»

«ሳጥኗ ከተከፈተች ሐዋሳ ማወቃቸው አይቀርም። ማኅተሟ ቁጥር አለው። ጥናቱን ነው የሚዘጉት። የነዚህ ሁሉ ልጆች መድኃኒት ይቆማል፤ ገብቶሃል? የጉያቱ ልጅ ተመልሶ ሊታጠፍ ነው!»

«ልጅቷ ብትሞትስ? ያኔ አይታወቅም?»

ዱረቲ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ከእውነቱ ሥር ሌላ ነገር እንዳለ ራሷ ታውቀዋለች። ያ ስብሰባ፣ ያ «ምን አድርጋችሁ ነው?» የሚለው ድምፅ፣ ያ ፈገግታ።

ስልኩ ጮኸ። በዓብዱልሀኪም ስልክ የሚናገሩት ግን አዴ ሸምሳ ራሳቸው ነበሩ። ከኋላቸው የገበያው ጫጫታ ይሰማል።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ሆንሽ? ይሄ ልጅ እንደ እብድ እየሮጠ መጣ!»

«አዴ ሸምሳ፣ የዛሬውን መድኃኒት ሰጥተዋታል?»

«ሰጥቻታለሁ እንጂ! ሲመሽ ነበር የምሰጣት፣ ዛሬ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታቃጥል ስላደረች በጠዋት ሰጠኋት። በሽታው ተነሥቶባታል መሰለኝ።» ድምፃቸው ኩራት ነበረበት። «አንድም ገበያ አላሳለፍኩም፣ ልጄ። በአላህ ስም፣ አንድም አላስቀረሁም!»

ዱረቲ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች።

«ሌላስ ምን አላት? ደም ይፈሳታል?»

«ነስር አለባት። ሙቀቱ ነው። ቆዳዋም ላይ እንደ ቁንጫ ንክሻ ያለ ቀያይ ወጥቷል።»

«አዴ፣ አሁን የምነግርዎትን ይስሙኝ። ከእንግዲህ አንዲት ፍሬ እንዳይሰጧት። ዕቃውን ለሰው ይተዉት። ከሃያት ጋር ይዘጋጁ፤ እደውላለሁ።»

«ምንድን ነው? መድኃኒቱ ነው?»

«እደውላለሁ፣ አዴ።»

ከዚያ በኋላ የሚያጠራጥር ነገር አልቀረም። ለዶክተር ብዙወርቅ ደወለች። ዶክተር ቤታቸው ነበሩ፤ ከኋላ የሕፃን ሳቅ ይሰማል። ዱረቲ ሞያሌ ያለችው ልጅ በአሥራ አምስት ቀን ሰባት ጊዜ መውሰዷን፣ አፏን፣ ትኩሳቷን፣ ነስሯን ተናገረች። የሕፃኑ ሳቅ ራቀ፤ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ሰባት። እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ማርከሻው እኔ ከዚህ ፈልጌ እስካገኝ ይመሻል። ያንቺ ሳጥን ይቀርባል። ያቤሎ እንገናኝ። እነሱም ከሞያሌ አስፋልቱን ይዘው ሦስት አራት ሰዓት ቢፈጅባቸው ነው። ለሆስፒታሉ እኔ እደውላለሁ። ሳጥኗን ይዘሽ አሁኑኑ ተነሺ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «አያትየዋ ማንበብ አይችሉም አይደል? ቀኑ ተምታቶባቸው ነው። ይደርሳል፤ በሌላም አገር ይደርሳል። ሪፖርቱን እንደዚያ አድርገን እንጽፈዋለን፤ አንቺ አሁን አትረበሺ።»

የማምለጫ በር ተከፈተላት። ገብታ ማለፍ ብቻ ነበር የቀራት። «አዎ፣ ተምታቶባቸው ነው» ብትል ማን ያውቃል? ጃታኒ አይናገርም። አዴ ሸምሳ እስከ ዕድሜ ልካቸው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ይሸከሙታል።

በላቦራቶሪው በር በኩል ጉያቱ ትታያት ነበር። የወሩን አራት ጥቅል ተቀብላ ፍየሎቹን ለልጇ እያሳየች በሹክሹክታ ትቆጥራለች። ጉያቱ ማክሰኞ አሬሮ ነበረች። ዛሬ ነጌሌ ናት።

«ዶክተር» አለች ዱረቲ። «አልተምታታባቸውም። በገበያ ቀን ስጧት ያልኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ነጋዴ ናቸው፤ በየገበያው ሰጧት። የሁለት ወሩንም አንድ ላይ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

«ለእሳቸው ብቻ ነው እንደዚያ ያልሽው?»

«ለሁሉም። ለሠላሳ ስምንቱም።»

ዱረቲ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ ነቅላ አየችው።

«ጃታኒ ይቅር» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ደርቆ ነበር። «ሁሉንም ዛሬ በስልክ ያግኝ። ስልክ የሌለውን ሰው ይላክበት። አፍ የቆሰለ፣ ትኩሳት ያለው ካለ ወዲያው ይንገረኝ። አንቺ ተነሺ። ስለ ሌላው ያቤሎ እንነጋገራለን።»

ዱረቲ ማኅተሙን በመቀስ ሰበረችው። ወደ ጉያቱ ወጣችና የዛሬዋን ትታላት ከእጇ ሦስቱን ጥቅል ወሰደች።

«ምነው ሲስተር?»

«ሦስቱ እኔ ዘንድ ይቆዩ። ትናንሽ ገበያዎቹንም ትሄጃለሽ?»

«የዚያን ማክሰኞ ለፍየል ሽያጭ ሄድኩ እንጂ… ለልጁ ግን አልሰጠሁትም። የኛ ገበያ ቅዳሜ አይደል?»

«ተመስገን» አለች ዱረቲ።

የጥናቱን ላንድክሩዘር የሚነዳው ዶዮ ነው፤ አፍ የማያበዛ የሊበን ሰው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከነጌሌ ወጡ። ሳጥኗ ጭኗ ላይ ነበረች። ከሞያሌ ዓብዱልሀኪም በሰው መኪና ሁለቱን ይዞ መነሣቱን ነገራት፤ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ጠፋ። የዳዋን ድልድይ ተሻግረው፣ ቀይ አፈሩን እያቦነኑ፣ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከአሬሮ ወዲህ ባለ አንድ ደረቅ ወንዝ ደረሱ። ደረቅ የሚባለው በሌላ ጊዜ ነው። ላይ አገር ዘንቦ ጎርፉ እንደ ቡና ጠቁሮ ይወርዳል። በዚህ በኩል ሦስት፣ በዚያ በኩል ሁለት መኪና ቆሟል። ሾፌሮቹ ጥላ ሥር ጫት ይዘው ተቀምጠዋል።

«እለፍ ዶዮ፣ ግባበት!» አለች ዱረቲ።

«ከገባሁበት አንቺም ሳጥንሽም ኬንያ ናችሁ» አለ ዶዮ። ወረደና ውኃው ጠርዝ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀመጠ። «ውኃው ከዚህ ድንጋይ ሲሸሽ እንሻገራለን።»

ዱረቲ ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጠች። ውኃው ድንጋዩን ይልሳል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይልሳል። ሃያትን አሰበቻት። መጀመሪያ ስትመጣ አያቷ በአህያ ጭነው ነበር ያመጧት፤ የግራ ጉልበቷ ታጥፎ፣ በላዩ ሦስት የጋለ ብረት ጠባሳ በመስመር ተሰልፎ። «እግሬ ሲድን ከመናኸሪያው እስከ መስጊዱ እሮጣለሁ» ብላት ነበር። በአራተኛው ወር በከዘራ ቆመች። በስድስተኛው ከዘራውን ለአያቷ መለሰች፤ «እርስዎ አርጅተዋል፣ ይያዙት» ብላ ክሊኒኩን ሁሉ አሳቀች።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ውኃው ከድንጋዩ አንድ ክንድ ሲርቅ ዶዮ ሳይናገር ሞተሩን አስነሣ። መሀል ላይ መኪናው ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ዱረቲ ሳጥኗን ከፍ አድርጋ አነሣቻት፤ ጎማው አሸዋውን ነክሶ ወጣ። ከወዲያ ያሉት ሾፌሮች አጨበጨቡ።

ያቤሎ የደረሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሃያት ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታ ነበር። ከንፈሯ በደረቀ ደም ተለብዷል፤ ክንዷና ደረቷ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ተረጭቷል። የሆስፒታሉ ሐኪም የደም ምርመራውን ወረቀት ሰጣት። ነጭ የደም ሴሎቿ ከሺህ በታች ወርደዋል። አንድ ትንሽ ጉንፋን ሊገድላት ይችላል። ዶክተር ብዙወርቅ በስልክ መጠኑን እያዘዙ፣ ዱረቲ ማርከሻውን ቀድታ በደም ሥሯ ሰጠቻት። በየስድስት ሰዓቱ እንዲደገም ጻፈች።

አዴ ሸምሳ ከአልጋው እግርጌ ቆመው ያዩ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ የለበሱ ሴት ናቸው። ሰው ገበያ ላይ ሲከራከራቸው የሚፈራው ድምፃቸው አሁን እንደ ትንሽ ልጅ ሆኖ ወጣ።

«ዱረቲ፣ አላህን ፍሪና ንገሪኝ። እኔ ነኝ?»

«አይደሉም፣ አዴ።»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት። በእጄ። እምቢ ስትል አፍንጫዋን ይዤ።»

«እርስዎ የሰጧት እኔ እንዳልኩዎት ነው። በገበያ ቀን አልኩዎት። ገበያዎ ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አዴ ሸምሳ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ዞረው የአልጋውን ሌላ ጎን ያዙ፤ እስከ ማግስቱ ድረስ አንድ ቃል አላናገሯትም።

ዶክተር ብዙወርቅ እሑድ ጠዋት ደረሱ። ልጅቷን መርምረው፣ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጨምረው፣ ዱረቲን ወደ ግቢው ይዘዋት ወጡ።

«ጃታኒ ሁሉንም አግኝቷል፤ ሠላሳ አምስቱ በሳምንት አንዴ ነው የወሰዱት። ሁለቱ ግን በሳምንት በሁለት ሁለት ገበያ ሲሰጣቸው ተገኝቷል። ደማቸው ገና ደህና ነው።» ማስታወሻቸውን አጠፉ። «ትናንት ‘አዎ፣ ተምታቶባቸው ነው’ ብትዪኝ ኖሮ እነዚያ ሁለቱ በሚቀጥለው ወር እዚህ ነበሩ።»

ዱረቲ መሬት መሬት አየች።

«ጥናቱ ቆሟል። ኮሚቴው እስኪወስን አዲስ መድኃኒት አይሰጥም። ያደረግሽውን ሁሉ በእጅሽ ትጽፊዋለሽ፤ ከመጀመሪያዋ ፍየል ጀምሮ። እኔም የበኩሌን እጽፋለሁ። ቁጥራችሁ ለምን እንደሚያምር ጠይቄ፣ መልስ ሳላገኝ በጭብጨባ ያለፍኩት እኔ ነኝ።»

የዚያን ሳምንት ዱረቲ ከሆስፒታሉ አልወጣችም። ሰኞ ሃያት ትኩሳቷ አርባ ደረሰ። ረቡዕ ደም ተሰጣት፤ ዓብዱልሀኪም ነበር የሰጣት፤ «ሱቁን ያዘጋሽኝ ለዚህ ነው?» እያለ። ሐሙስ የምርመራው ወረቀት ሲመጣ ቁጥሩ ከረቡዕ አልተነሣም፤ አልወረደምም። ዱረቲ ሪፖርቱን የጻፈችው በዚያ ቀን ነው፤ ኮሪደር ላይ፣ በጉልበቷ ላይ ወረቀት ዘርግታ። ሦስት ገጽ ሆነ። ጥሩ ያስባሏትን ቁጥሮች አላስቀረችም፤ ራሷን ለማዳን ብላም አላስገባቻቸውም። የሆነውን ጻፈች።

በዘጠነኛው ቀን ነጭ ሴሎቿ እጥፍ ሆነው ተገኙ። በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዱረቲ ስትገባ ሃያት ቀና ብላ ተቀምጣ፣ በብርጭቆ የቀዘቀዘ ሻይ እየፈራች ትጎነጫለች።

«ያቃጥላል?»

«ትንሽ። ሲስተር፣ ዛሬ አሬሮ ገበያ ነው አይደል?»

አዴ ሸምሳ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። የልጅቷን ቃል ሲሰሙ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ቦርሳቸው ገባ፤ ያ የሁለት ሳምንት ልማድ ነው። ከዚያ እጃቸው ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ቀስ ብለው አወጡት። መዳፋቸው ላይ ጠርዟ የተላላጠ አንዲት ጥቅል ነበረች፤ ስምንተኛዋ። ፍየሏ በላብ ደብዝዛለች።

ሃያት ብርድ ልብሱን ገፍታ እግሯን ወደ ወለሉ አወረደች። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ሦስቱ ጠባሳዎች ታዩ፤ ከሥራቸው ያለው ጉልበት ግን አላበጠም፤ እንደ ቀኙ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። በሰው ሁሉ ጭንቀት መሀል ማንም ልብ አላለውም ነበር። አልጋውን ይዛ ተነሣች፤ ድካም አንገዳገዳትና መልሳ ተቀመጠች፤ ሳቀች።

አዴ ሸምሳ ጉልበቷን አዩ። ጥቅሏን አዩ። ከዚያ ዱረቲን።

«ይሄ ነው ያዳናት?» አሉ። «ያው ራሱ?»

«ያው ራሱ ነው፣ አዴ። በልኩ ሲሆን።»

«ካቆምንስ ተመልሶ ይታጠፋል?»

«ሊታጠፍ ይችላል። አሁን ግን መወሰን የኔ አይደለም። ደሟ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ ዶክተር ናቸው የሚያዩት። ጥናቱም ቆሟል። እኔም… አላውቅም ልቀጥል እንደሆነ።»

አዴ ሸምሳ ከተቀመጡበት ተነሡ። ጥቅሏን በዱረቲ መዳፍ ላይ አስቀምጠው ጣቶቿን በላይዋ አጠፉ፤ ገበያ ላይ ዋጋ ሲቆርጡ እንደሚያደርጉት ጠበቅ አድርገው።

«እንግዲያው ለዶክተሯ ንገሪያት። ገበያ ብላ እንዳትነግረኝ። ሰኞም አትበለኝ፤ ሰኞ መንገድ ላይ ነኝ፣ ቀኑን አላውቀውም። ጁምዓ ትበለኝ። ጁምዓ ነጌሌም ጁምዓ ነው፣ ሞያሌም ጁምዓ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ መጥቶ አያውቅም።»

ዱረቲ ጥቅሏን ጨብጣ አሰበች። መስጊድ ለማይሄደው ለጉያቱ ልጅ ደግሞ ጁምዓ ምኑ ነው? ለእያንዳንዱ ቤት የየራሱ ቀን አለ፤ መጠየቅ ነው የነበረባት። ሠላሳ ስምንት ጊዜ።

«እነግራቸዋለሁ፣ አዴ» አለች።

«አሁን ውጪ፤ ልጅቷ ልብስ ትቀይር። አንቺም ሄደሽ ተኚ፤ መልክሽ ከእሷ ብሷል።»